እሜቴና የጓሮው ቧንቧ

ጋሽ ደረቁ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲሠራ፣ እጁ የነካው ቧንቧ አንድም ቀን አንጠባጥቦ አያውቅም። ይህን የሚለው ራሱ ነው፤ ግን ሰፈሩም አይክደውም። ቅጽል ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው፤ የነካው ሁሉ ይደርቃል። እናቱ ያወጣችለትን ስም አሁን የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንዴ ለሥራ የጠራው ሰው ዳግመኛ አይጠራውም፤ ምን ብሎ ይጠራዋል? በዚህም በጣም ይኮራ ነበር። የድሮ ደንበኛውን መንገድ ላይ ሲያገኝ «እንዴት ነህ?» አይልም። «ያ ቧንቧ እንዴት ነው?» ነው የሚለው። ደንበኛውም «ደህና ነው» ይለዋል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

እንግዲህ የዚህ ሰው የገዛ ጓሮ ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ አንድ ቧንቧ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያንጠባጥብ ኖሯል።

ያላደረገው ነገር የለም። ጎማውን ቀይሯል፤ ቴፍሎን ጠምጥሟል፤ ቧንቧውን ሦስት ጊዜ ነቅሎ በሌላ ተክቷል። በሠራው ማግስት ድርቅ ብሎ ያድራል። ከሳምንት በኋላ፣ ቢበዛ ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ጓሮ ወጣ ሲል ይሰማዋል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጠብ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጠብ። ምቱን በቃሉ ይዞታል። ሚስቱም ከወጥ ቤት መስኮት ብቅ ትልና «አንተ ሰው፣ ያ ቧንቧ ዛሬም ጀመረው፤ አትሠራውም?» ትለዋለች፣ አንጀት በሚበላ ድምፅ። እሱም መፍቻውን ይዞ ይወጣል። ሥራ ማሳደር አያውቅም። «ነገ» የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያው ቧንቧ ሥር ሚስቱ አበባ ነበራት።

አበባዋ የረግረግ አበባ ናት። ሚስቱ ያደገችው ከከተማው ጫፍ፣ ረግረግ ዳር ነበር፤ በልጅነቷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ እነዚህን አበቦች ትለቅም ነበር። ረግረጉ አፈር ተሞልቶ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ሲባል፣ ዶዘሮቹ ከመድረሳቸው በፊት በነበረው ቀን ሄዳ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት ሥር ይዛ መጣች። ዛሬ እዚያ ብትሄዱ የምታዩት የመኪና ጎማ ነው። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ አበባ የቀረችው ይህች አንዷ ብቻ ናት፤ በተሰነጠቀ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ፣ ከጓሮው ቧንቧ ሥር።

ጠባይዋ ግን አይጣል ነው። ሌላው አበባ ውሃ ይጠጣል፤ እሷ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ካልተቀመጠች አይሆንላትም። ውሃው ቢተኛ ሥሯ ይበሰብሳል፤ ቢቋረጥ ትጠወልጋለች። ቀስ ብሎ እየመጣ፣ በሳፋው ስንጥቅ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ ነው የምትፈልገው። ይህን ሁሉ ተሟልቶላትም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን፣ ዳሩ ነጭ ውስጡ ሐምራዊ የሆነ አበባ አውጥታ ትዘጋለች። ደረቁ «እሜቴ» ነበር የሚላት። «እሜቴ ዛሬስ እንዴት አደሩ? ፎጣ ይምጣልዎ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ጉዳዩ የተጀመረው ደረቁ ጨርሶ ሊረሳው በፈለገው አንድ ምሳ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሚስቱ፣ «ያቺን ቧንቧ ትንሽ ላላ ብታደርግልኝ፣ ለአበባዬ ጠብ ጠብ እንድትልላት» አለችው። ደረቁ ማንኪያውን አስቀመጠ። «በእኔ ቤት?» አለ። «የሚያንጠባጥብ ቧንቧ? በእኔ ቤት?» ከዚያ ምሳውን ትቶ ተነሣ፤ እራትም አልበላም። ሁለት ቀን አኮረፈ። ሚስቱ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ?

ዘንድሮ ልጃቸው ወለደችና ሚስቱ ልታርሳት ለሦስት ሳምንት ሄደች። ሻንጣዋን በር ላይ አድርጋ እየደጋገመች አደራ አለችው።

«አበባዋ እንቡጥ ይዛለች። ስመጣ አብባ ትጠብቀኛለች።»

«ምን ላድርግላት?»

«ምንም አታድርግ።»

«ውሃ ላጠጣት?»

«ምንም አልኩህ እኮ። አትንካት፤ አጠገቧ ያለውንም አትንካ። ቧንቧውንም ተወው፤ ስመጣ ትሠራዋለህ።»

ለደረቁ ምንም አታድርግ ማለት ዓሣን አትዋኝ እንደ ማለት ነው። ታክሲው ጥጉን ሳይዞር መፍቻውን ይዞ ጓሮ ነበር። ሐሳቡስ ቅን ነበር፤ ስትመለስ ሊያስደንቃት ነው። ስድስት ዓመት ያሳዘናትን ቧንቧ አንዴ ለዘላለም ሊያደርቅላት ነው። አሮጌውን ነቅሎ በመዶሻ ጨፈለቀው፤ ዳግመኛ እንዳይነሣ። በቦታው እጀታው አንዴ ሲመታ የሚከፈት፣ አንዴ ሲመታ የሚዘጋ፣ መሐል የሚባል ነገር የማያውቅ አዲስ ቧንቧ ተከለ። ከሥሩ ነጭ መሐረብ ዘረጋ። ወንበር አምጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

በማግስቱ መሐረቡ ደረቅ ነበር። ደረቁ ጠመኔ አወጣና ግድግዳው ላይ አንድ መስመር አሰመረ። በሳምንቱ ሰባት መስመር ሆነ። በስምንተኛው ቀን ጎረቤቱን ጠርቶ አሳየው። ጎረቤቱ ቧንቧውን አየ፣ መሐረቡን አየ፣ ደረቁን አየ፤ «እሰይ» አለና ምሳው እንዳይቀዘቅዝበት ወደ ቤቱ ሄደ። ደረቁ ግን አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ስድስት ዓመት ያሸነፈውን ጠላት አሸንፏል።

በዘጠነኛው ቀን መስመሩን ሊያሰምር ሲጎነበስ እሜቴን አያት። ቅጠሎቿ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆነዋል። እንቡጡን የያዘው አገዳ አንገቱን ደፍቷል። የሳፋው ጭቃ ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል።

አንድ ባልዲ ውሃ ደፋባት። ውሃው በደረቀው ጭቃ ላይ ተንሸራቶ፣ በስንጥቁ ወርዶ፣ ጫማውን አርሶት ሄደ። ሌላ ባልዲ ደፋ። በማግስቱ ስድስት ባልዲ ደፋ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ነገሩ፤ ጓሮው ጨቀየ፣ እሜቴ ግን ይባስ ብላ ተኛች። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ደወለች።

«አበባዬ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አለ ደረቁ፣ እርጥብ ካልሲውን እየጨመቀ።

«አበበች?»

«እያሰበችበት ነው።»

ስልኩን ዘግቶ እሜቴ አጠገብ ቁጭ አለ። ይህች ሴት ከእሱ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ስትኖር ለራሷ ብላ የጠየቀችው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። አበባዋ ከሞተች ሌላ የት አለ? ከመኪና ማቆሚያ ሥር ተቆፍሮ አይወጣ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ሳፋውን ወደ ጥላ ሊያስጠጋ ከጎኑ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣ። ከድንጋዩ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታው። መፍቻ ነው። ትንሽ መፍቻ፣ እጀታው ላይ በሞረድ የተጫሩ ሦስት ምልክቶች ያሉት። የራሱ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት የጠፋችበት መፍቻ።

ደረቁ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ።

እንግዲህ ከዚህ ጀምሮ ነገሩ ራሱን በራሱ እየፈታ መጣ። ቧንቧው በሳምንት በሳምንት የሚጀምረው ለካ ወድዶ አይደለም። እሱ ያጠብቃል፤ እሷ ታላላለች። እሱ ቴፍሎን ይጠመጥማል፤ እሷ ድንጋዩን ታነሣለች። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ፣ እጇን ታጥባ፣ በመስኮት ብቅ ብላ «ያ ቧንቧ ዛሬም ጀመረው» ትላለች። ስድስት ዓመት! መጀመሪያ ተናደደ፤ ተነሥቶ ጓሮውን ሦስት ጊዜ ዞረ። በሦስተኛው ዙር ላይ ያ ምሳ ትዝ አለው። የተቀመጠው ማንኪያ፣ የቀረው እራት፣ ያለፈው ኩርፊያ። አንዲት ጠብታ ውሃ ነበር የለመነችው።

ሌላም ነገር ትዝ አለው፤ ይህኛው ደግሞ ያሳፍራል። መፍቻዋ በጠፋች ሰሞን ደረቁ ከሌላ ቧንቧ ሠሪ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ይሠራ ነበር። ይህን ሰው አገሩ «ጠብታ» ነው የሚለው፤ ለምን እንደሆነ የእጁን ሥራ ያየ አይጠይቅም። የጠብታ ቧንቧ በሠራው ማግስት ጠብ ጠብ ይላል፤ ብዙ አይፈስ፣ ፈጽሞ አይደርቅ፣ ዝም ብሎ ጠብ ጠብ። ደረቁ በሙያው ስም ሲያፍርበት ኖሯል። ያን ጊዜም ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ሌባ አልልህም፤ ግን መፍቻዬ እግር የላትም» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

ለጊዜው ግን ጭንቁ እሜቴ ናት። ውሃው ካልተንጠባጠበላት ትሞታለች፤ ሚስቱ በዐሥር ቀን ውስጥ ትመጣለች። ደረቁ እጅጌውን ጠቅልሎ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊሠራ ተነሣ። አዲሱን ቧንቧ ላላ አደረገው፤ ፊቱ ላይ ፈነጠቀበት። አጠበቀው፤ ድርቅ አለ። እንደገና ላላ አደረገው፤ የጎረቤቱ የተሰጣ ልብስ ራሰ። ጀሪካን በምስማር በሳና ከሳፋው በላይ ሰቀለው። ሙሉ ሲሆን ይሮጣል፤ ሲጋመስ ይተኛል፤ እኩለ ቀን ላይ ጉድፍ ገብቶ ይደፈናል። ሌላ ጀሪካን አምጥቶ በጥንቃቄ በሳና ዞር ብሎ መልሶ ሲያየው፣ ቀዳዳው በቴፍሎን ተጠቅልሎ በማጣበቂያ ተለስኗል። ማን ለሰነው? የገዛ እጁ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አያማክርም።

ያን ጊዜ ገባው። ማንጠባጠብም ሙያ ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ በከተማው ተወዳዳሪ የሌለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መፍቻዋን ኪሱ ከትቶ ጠብታ ሱቅ ሄደ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ቱቦ ነው። ግን ሰው ሞልቶባታል። ጠብታ የአንዲት ሴትዮ ሻወር ራስ እየፈታ ስለ ልጇ ፈተና ያወራታል፤ ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁ ይመስላሉ፣ ግን በእጃቸው ምንም የሚጠገን ነገር የለም። ደረቁ ሲገባ ሁሉም ወደ በሩ ዞረ።

«መፍቻዬ ተገኘች» አለ ደረቁ።

«የት?» አለ ጠብታ ቀና ሳይል።

«ቤቴ።»

ጠብታ የሻወሩን ራስ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ስድስት ዓመት ፈጀባት። እግር የላትም ስላልክ አልፈርድባትም።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ደረቁን ላብ አጠመቀው።

«በሰው ፊት ስሜን አጥፍቼሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ» አለ። ጠብታ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሌላም አለ። የጓሮዬን ቧንቧ እንድትሠራልኝ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ አፏን ያዘች።

«እኔ?» አለ ጠብታ።

«አንተ።»

«የአንተን ቧንቧ?»

«እንደለመድከው አድርገህ ሥራልኝ። ልክ እንደለመድከው። ምንም አትጨምርበት።»

እውነቱን እዚያው መናገር ነበረበት። ግን ይቅርታ ጠይቆ አፍታ ሳይቆይ «ሥራህ መጥፎ ስለሆነ ነው የፈለግኩህ» እንዴት ተብሎ ይነገራል? ዝም አለ። ዝምታውም ጉድ አፈላ።

ጠብታ በማግስቱ ማልዶ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል። የሥራ ልብሱ ተተኩሷል። በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የነሐስ ቧንቧ ይዟል። «ይህን አሥራ ሁለት ዓመት ያስቀመጥኩት ነው» አለ፣ «የሚገባው ቤት እስካገኝ። ያንተ አዲሱ ነፍስ የለውም።» ደረቁ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። «አታናግረኝ» አለው ጠብታ። «ሥራ ላይ ነኝ።»

አራት ሰዓት ፈጀ። የቧንቧውን ጥርስ በቡርሽ አጸዳ፤ ቴፍሎኑን በትንፋሹ እያስተካከለ ጠመጠመ፤ ጎማውን በምላጭ ለክቶ ቆረጠ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ደረቁ ከጎን ሆኖ ሲያይ እንደ ባለሙያ ልቡ ተደሰተ፣ እንደ ባል ልቡ ቀለጠ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው፤ ጠብታ በመጨረሻ ውሃውን ሲለቀው ቧንቧው ድርቅ አለ። ጠበቁ። መሐረቡን ዘረጉ። ምንም። ጓሮው ውስጥ የሚያንጠባጥበው የጠብታ ዓይን ብቻ ነበር።

«አየኸው?» አለ ጠብታ። «በሠላሳ ዓመት ሥራዬ። በአንተ ቤት።»

«እንከን የለውም» አለ ደረቁ፤ እንከን አልነበረውማ። ጠብታ ግድግዳው ላይ ያሉትን መስመሮች አየና ምን እንደሆኑ ገባው። ጠመኔውን አነሣ፤ ከዐሥራ ሁለቱ ቀጥሎ አንድ ወፍራም መስመር አሰመረ። ከዚያ እየዘፈነ ሄደ።

በበነጋው ሳይጠራ መጣ፤ ቧንቧውን እንደ ታማሚ ሊጠይቅ። ደረቁን ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አገኘው።

«እንዴት አደረ?»

«ደርቋል።»

«ተመስገን።»

«እሷም ደርቃለች» አለ ደረቁ፤ በጣቱ አሳየው።

እሜቴ በቁሟ የቀራት አንድ ቅጠልና እንቡጡ ብቻ ነበር። ደረቁ ከዚህ በላይ አልቻለም። ሁሉንም ነገረው፤ ድንጋዩን፣ መፍቻዋን፣ አበባዋን፣ ጠብ ማለት ያለበትን ውሃ። ጠብታ ሰምቶ ሲጨርስ የትናንት ሥራውን ዞሮ አየ።

«እንግዲህ የፈለግከው ጥፋቴን ነው» አለ።

«አዎ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርኩበትን።»

«አዎ። የትናንቱን ግን፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔም ብሆን ከዚህ አላሻሽለውም ነበር። ችግሩ እየገደላት ነው።»

ጠብታ ሊሄድ ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ ያቺን አንድ ቅጠል በጣቱ ቀና አደረጋት፤ ስትለቀቅ ተመልሳ ወደቀች። «መፍቻዋን አምጣ» አለ።

ሆን ብሎ ሊያንጠባጥበው ሞከረ። አጥብቆ ሲያስብበት ይደርቃል፤ አላላሁ ሲል ይጎርፋል። «አልችልም» አለ በመጨረሻ። «እኔ አድርጌው አላውቅም፤ ራሱ ነው የሚመጣው። ሥራ ላይ ሳለሁ ሰው ሲያጫውተኝ ነው። ወሬው ይጥመኝና ጥርሷን ትንሽ ሳላጠብቃት እቀራለሁ።»

«ታዲያ ላጫውትህ» አለ ደረቁ።

ሁለቱም ጠበቁ።

«ያ … የሱቅህ ቧንቧ እንዴት ነው?» አለ ደረቁ።

«ያንጠባጥባል።»

«ጥሩ።» ትንሽ አሰበ። «ልጆች አሉህ?»

«አራት።»

«ጥሩ።»

ወሬው አለቀ። ጠብታ አንገቱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ አንተ እንዴት ነው ከሰው ጋር የኖርከው? አንተን አንዴ የጠራህ ሁለተኛ አይጠራህም። እኔን በየወሩ ይጠሩኛል፤ የልጆቻቸውን ክፍል ሳይቀር አውቃለሁ። በል፣ ስለ ሚስትህ ንገረኝ። ይህች አበባ ከየት መጣች?»

ደረቁ ሳፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ስለ ረግረጉ ጀመረ፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና በር ላይ ስትደርስ፣ የወተቱን ቆርቆሮ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ እሱ ምንጣፉን እንዳታቆሽሽ ብሎ እንዴት እንደጮኸባት። ጠብታ መፍቻዋን እያዞረ «እህ» ይላል። ስለዚያ ምሳ ነገረው። ማንኪያውን እንዴት እንዳስቀመጠ። «አንዲት ጠብታ ነበር» አለ ደረቁ። «ስድስት ዓመት ተደብቃ ስትሰርቅ የኖረችው የእኔን ውሃ አይደለም፣ የራሷን ነው። እኔ ነኝ ለስርቆት ያበቃኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ይህን ቃል ከዚህ በፊት ለማንም ብሎት አያውቅም። ጠብታ እጁ ቧንቧው ላይ እንዳለ ፈዝዞ፣ ዓይኑ ደረቁ ላይ፣ «ከዚያስ?» አለ።

ጠብ።

ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ደረቁ ጣቱን አነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ጠብ።

«እጅህን አንሣ» አለ ደረቁ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለህ። እንዳትነካው።»

ያን ቀን ሁለቱ ሰዎች እስከ ምሳ ሰዓት ከቧንቧው ፊት ተቀምጠው ዋሉ። ጠብታ በሚቀጥለውም ቀን መጣ፤ ከዚያም ቀጥሎ ባለው። ለቧንቧው ነው ይላል፤ ግን ቧንቧውን አንዴ ገላምጦ ወሬውን ነው የሚቀጥለው። በሦስተኛው ቀን ጭቃው ለሰለሰ። በአምስተኛው ያቺ ቅጠል ያለ ማንም ጣት ቀና አለች፣ ከሥር ደግሞ ሌላ ብቅ አለች። ደረቁም የጠብታን አራት ልጆች በስም በስማቸው አወቀ፤ የሁለተኛዋን ክፍል ግን አሁንም ይስታል። ሚስቱ ደወለች። «ደህና ናት» አለ፤ አሁን እውነቱን ነው። «ድምፅህ ምን ሆነ?» አለችው። «ምን ሆነ?» «እኔ እንጃ። ላላ ብሏል።»

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት እሜቴ ተከፈተች።

ሚስቱ ከታክሲ ስትወርድ ሻንጣዋን ለእሱ ትታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ጓሮ ሄደች። አበባዋ ፊት ተንበረከከች፤ አልነካቻትም፣ ዝም ብላ አየቻት። ደረቁ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ። ቧንቧው ጠብ አለ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። የማታውቀው የነሐስ ቧንቧ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። ደረቁ ያን ጊዜ ነው መስመሮቹን እንዳልደመሰሳቸው ትዝ ያለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጅ ልጄን ዕድሜ እየቆጠርኩ ነው» አለ ደረቁ።

«ልጁ ሃያ ሁለት ቀኑ ነው። ይሄ ዐሥራ ሦስት ላይ ቆሟል።»

«ጠመኔ አለቀብኝ።»

ሚስቱ ወደ ጠመኔው አየች። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ግማሹ እንኳ ሳያልቅ ተቀምጧል። «እና ይህን ቧንቧ አልሠራኸውም?» አለች።

ደረቁ ሻንጣውን አስቀመጠ። «ሞከርኩ» አለ። «አቃተኝ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ስትኖር ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። ለአፍታ አየችው። እሱ ግን ሻንጣውን መልሶ አንሥቶ ገባ፤ ገብቶም ከወጥ ቤት መስኮት መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ያያት ጀመር። ሚስቱ ግራ ቀኝ አየችና ጠፍጣፋውን ድንጋይ አነሣች። ፌስታሉ የለም። መፍቻዋ በአዲስ ጨርቅ ተጠቅልላለች፤ ዝገቷ ተፍቆ፣ ዘይት ተቀብታ፣ እጀታዋ እጅ እንዳይልጥ ላስቲክ ተጠምጥሞባታል።

ሚስቱ መፍቻዋን ይዛ ብዙ ቆየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደረቁ ደነገጠ፤ አለቀሰች ብሎ ሊወጣ ሲል ድምፁ መጣለት። እየሳቀች ነው። እያለቀሰችም ነው። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ መፍቻዋን በጨርቋ ጠቅልላ ቦታዋ መለሰች፤ ድንጋዩን በላይዋ አስተካክላ ጫነች። ወደ ቤት ገባች፤ እጇን ታጠበች፤ ደረቁም ሮጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጠ ሰው።

እሷም በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለችና በዚያው በለመደችው አንጀት በሚበላ ድምፅ፣ «አንተ ሰው፣ ያ ቧንቧ ዛሬም ጀመረው፤ አትሠራውም?» አለችው።

«ነገ» አለ ደረቁ።